የክልል ጨረታ የደኅንነት መስፈርት፦ ጎንደር ላይ አራት ሰው ሆኖ ይህን ማን ያሟላል?

አራዳ_ኮድ
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን ሶፍትዌር የምንሠራ አራት ልጆች ነን። እስከ አሁን ለሁለት የግል ክሊኒኮች፣ ለሁለት ሆቴሎችና ለአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠርተናል። ባለፈው ሳምንት አንድ የክልል ቢሮ፣ ስሙን ልተወው፣ የባለጉዳይ መዝገብ ሥርዓት ለማሠራት ጨረታ አወጣ። ሰነዱን ገዝተን ስናነበው የሥራው ዝርዝር ሦስት ገጽ ነው፤ የቴክኖሎጂና የደኅንነት መስፈርቱ ደግሞ አሥራ አንድ ገጽ።

ጥቂቱን ልገልብጥላችሁ። «አቅራቢው የአይኤስኦ 27001 የምስክር ወረቀት ያለው መሆን አለበት።» (ይህ ዓለም አቀፍ የመረጃ ደኅንነት አመራር ደረጃ ነው።) «ሥርዓቱ በዓመት 99.99 በመቶ ሳይቋረጥ የሚሠራ።» «መረጃው በኤፍአይፒኤስ 140-2 መሠረት የተመሰጠረ።» «ከሴክሽን 508 ጋር የተጣጣመ።» መጨረሻ ላይ ደግሞ «የተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል በየ30 ቀኑ የሚቀየር» ይላል።

99.99 በመቶውን አሰላሁት። በዓመት እንዲቋረጥ የሚፈቀድልን 52 ደቂቃ ገደማ ነው። በሰፈራችን ትናንት ማታ ብቻ መብራት ከእራት እስከ መኝታ ጠፍቶ ነበር።

የጨረታ ማስከበሪያውን ከባንክ ልናወጣ ነው፤ ሳጥኑ ሊዘጋ አሥር ቀን ቀርቶታል። እንግባ ወይስ ገንዘባችንን ይዘን እንቀመጥ? ለመንግሥት ያቀረባችሁ ካላችሁ ምከሩን።

ማራኪ_27
ሴክሽን 508 እኮ የአሜሪካ ሕግ ነው! እሱም የሚያስገድደው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶቻቸውን ነው። ኤፍአይፒኤስም የእነርሱው የምስጠራ ደረጃ ነው። ኮሚቴው ሰነዱን ከየት እንደ ቀዳው ታወቀ። በሚቀጥለው ጨረታ «ተጫራቹ ለቴክሳስ ግዛት ግብር የከፈለበትን ማስረጃ ያያይዝ» እንዳይሏችሁ ብቻ ጸልዩ።

የግዥ_ሰው
ቀልዱን ላቆየውና አንድ ነገር ልበል። በመንግሥት ግዥ ክፍል አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። እንዲህ ያለውን መስፈርት የሚጽፈው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ በቢሮው ውስጥ «ኮምፒውተር ያውቃል» የተባለው። አታሚ ሲበላሽ የሚጠራውም እርሱ ነው። መስፈርቱን ቢያሳንስ ነገ ኦዲተር «ለምን ተውከው?» ይለዋል። ቢያበዛ ግን የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ያበዛዋል። ክፋት አይደለም፤ ፍርሃት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የጨረታ ሰነዱን የመጀመሪያ ክፍል አንብቡት፤ የማብራሪያ ጥያቄ የሚቀርብበት ቀን ተጽፏል። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ፣ በማኅተማችሁ፣ ከዚያ ቀን በፊት አስገቡ። መልሱ የጠያቂው ስም ሳይገለጽ ሰነድ ለገዙት ሁሉ ይላካል። ስትጠይቁ «ይቀነስልን» አትበሉ፤ እንደዚያ ያለው ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ገብቶ ይቀራል። «ተመጣጣኝ ማስረጃ ተቀባይነት አለው ወይ? ካለው የትኛው?» በሉ። ኮሚቴው ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ የመስጠት ግዴታ ይሰማዋል፤ ለማሻሻልም ምክንያት ያገኛል። በስልክ የተነገራችሁን መልስ ግን መልስ ነው ብላችሁ አትያዙ።

ዳላስ_አዘዞ
ወንድሜ አራዳ ኮድ፣ አዘዞ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አሁን ዳላስ ውስጥ ለቴክሳስ ግዛት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት በሚያቀርብ ድርጅት እሠራለሁ። ማራኪ 27 ቴክሳስን ስላነሣት እንዴት እንደሚያደርጉት ልንገራችሁ፤ መገልበጥ ካልቀረ ጠቃሚው ቢገለበጥ ይሻላል።

ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ ቴክስ ራምፕ የሚባል አሠራር አቋቁማለች። ለግዛቱ መሥሪያ ቤት የክላውድ አገልግሎት፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል በአቅራቢው ሰርቨር ላይ የሚሠራ ሥርዓት፣ የሚሸጥ በአብዛኛው በእርሱ ያልፋል። ዋናው ቁም ነገር ግን ሁሉም በአንድ ወንፊት አለመነፋቱ ነው። ሁለት ደረጃዎች አሉ። የሕዝብ የሆነ ወይም ሚስጥርነት የሌለው መረጃ የሚይዝ ሥርዓት የመጀመሪያው ይበቃዋል። ሚስጥራዊ መረጃ የሚይዝና ቢጎዳ ጉዳቱ የሚከብድ ሥርዓት ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ የጥያቄው ብዛትና ጥልቀትም ይጨምራል። ሁሉን ገና ላላሟላ ደግሞ 18 ወር የሚቆይ ጊዜያዊ ፈቃድ አለ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጎዶሎውን ይሞላል። ትንሽ ድርጅት የሚገባው በዚህ በር ነው።

የእናንተ ቢሮ ግን የስብሰባ አዳራሽ መያዣና የሕሙማን ካርድ በአንድ መስፈርት የሚዳኝ ይመስላል። ስትጠይቁ ከዚህ ጀምሩ፤ «የምንይዘው መረጃ የትኛው ነው? ስሱ የሆነውስ የትኛው ክፍል ነው?»

ሁለት ጥቃቅን ነገሮችም ልጨምር። ኤፍአይፒኤስ 140-2 በ140-3 የተተካው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ሰነዱ የገለበጠው አሮጌውን እትም ነው። በየ30 ቀኑ የይለፍ ቃል ማስቀየሩን ደግሞ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት ራሱ ትቶታል፤ መሰረቁ ሲታወቅ ብቻ ቀይሩ ይላል። ሰው በየወሩ ሲገደድ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። «ፋሲል1»፣ «ፋሲል2»፣ «ፋሲል3»።

ማራኪ_27
እኔ ደርሻለሁ «ፋሲል14»።

አራዳ_ኮድ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የማብራሪያ ጥያቄው ቀን ነገ ነው፤ ዛሬ ማታ እንጽፈዋለን። እውነቱን ለመናገር የሚያበሳጨኝ ወረቀቱ ብቻ አይደለም። ደኅንነት የሚገባን ልጆች ነን። ትምህርታችንን በኪሳችን ከፍለን ነው የተማርነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ደንበኛችን የጫንነው ሥርዓት በየሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የመረጃውን ቅጂ ይወስድ ነበር። በየጠዋቱ «ቅጂው ተወስዷል» የሚል መልእክት ይደርሰኛል። ደስ ብሎኝ ቡናዬን እጠጣለሁ። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ የሰርቨሩ ዲስክ ተቃጠለ። ቅጂውን ስንከፍት ፋይሉ ዜሮ ባይት። የፊተኛው ቀንም ዜሮ፣ ከዚያ በፊትም ዜሮ። ቅጂው የሚቀመጥበት ዲስክ ከሞላ አራት ወር ሆኖታል። ፕሮግራሙ ባዶ ፋይል እየፈጠረ «ተወስዷል» ይለኝ ነበር። የአራት ወሩን መዝገብ ከወረቀት ካርድ ላይ እያየን አሥራ ሰባት ቀን ተየብን። አሥራ አንዱ ገጽ ውስጥ «ቅጂው ተመልሶ ተሞክሯል ወይ?» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ፈለግሁ። የለም።

ፈታሽ_ነኝ
የሥርዓቶችን ደኅንነት መፈተሽ እንጀራዬ ነው፤ ለመንግሥትም ለግልም። አይኤስኦ 27001ን በሚመለከት፦ የሚመሰክረው ድርጅቱ ደኅንነትን የሚመራበትን መንገድ እንጂ የጻፋችሁትን ኮድ አይደለም። የ2022ቱ እትም 93 መቆጣጠሪያዎች አሉት። ምስክር ወረቀቱ ሦስት ዓመት ያገለግላል፤ በየዓመቱም ክትትል አለበት። አራት ሰው ለአንድ ጨረታ ብሎ አይገባበትም። ወረቀቱ ያለው ድርጅት ሰርቨር ግን በአንድ ከሰዓት ሲከፈት አይቻለሁ።

ቢሮዎቹ ዘንድ የማገኘውን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሰባት ሠራተኞች ሁሉም «አድሚን» በሚል አንድ ስም ይገባሉ። የይለፍ ቃሉ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ጀርባ በእርሳስ ተጽፏል። ሰርቨሩ ጠረጴዛ ሥር ነው፤ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰርቨሩና የጥበቃው የሻይ ማፍያ ጎን ለጎን ተሰክተዋል። መዝገቡን «ይህን የመሬት ፋይል ማን ለወጠው?» ብላችሁ ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው። አድሚን።

ለእንዲህ ያለው ቦታ ምን ያስፈልገዋል? ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ። ሥራ የለቀቀ ሰው መግቢያ በለቀቀበት ቀን የሚዘጋበት አሠራር። ማን ምን እንዳደረገ የሚጽፍና አድሚኑ ራሱ ሊሰርዘው የማይችል መዝገብ። ለአስተዳዳሪዎች ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ። በመስመር ላይ የሚያልፈው ሁሉ ቲኤልኤስ በሚባለው የመስመር ምስጠራ፣ በ1.2 እትም ወይም ከዚያ በላይ፤ 1.0 እና 1.1 እ.ኤ.አ. በ2021 በይፋ ተጥለዋል። አንዱ ባለጉዳይ በአድራሻው መስመር ላይ ቁጥር ቀይሮ የሌላውን ባለጉዳይ ፋይል የሚያይበት ቀዳዳ አለመኖሩ በተለይ መፈተሽ አለበት። ይህ ቀዳዳ የሚመደብበት የፈቃድ ቁጥጥር ጉድለት፣ የድረ ገጽ ደኅንነትን በሚከታተለው ኦዋስፕ በተባለ ድርጅት የ2021 (እ.ኤ.አ.) ዝርዝር ላይ አንደኛ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እኔም ከሁሉ በላይ የማገኘው እርሱን ነው።

ሕጉንም እወቁት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የመረጃ ጥሰት ሲደርስ በመረጃው አጠቃቀም ላይ የሚያዘው አካል በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። በእናንተ ጨረታ ይህ አካል ቢሮው ነው። እናንተ ቀዳዳውን አግኝታችሁ ሦስት ቀን ብትደብቁ የቢሮውን ጊዜ በላችሁበት። በቴክኒክ ሰነዳችሁ ላይ «ጥሰት በደረሰን በ24 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ እናሳውቃለን» ብላችሁ ጻፉ። ሥርዓቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊትም ቢሮው በደብዳቤ ጠይቆ በኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር እንዲፈተሽ ፈቃደኛ መሆናችሁን ግለጹ። ይህ ከብዙ ወረቀት ይበልጣል።

አሁን ደግሞ ጥያቄ ለአንተ፣ አራዳ ኮድ። አምስት ደንበኞች አሉን ብለሃል። ችግር ሲገጥማቸው ከፒያሳ ሆናችሁ በርቀት ትገባላችሁ አይደል? የአምስቱን ሰርቨር የምትከፍቱበት የይለፍ ቃል ስንት ነው?

ማራኪ_27
ኧረ ዝም አለ።

አራዳ_ኮድ
አንድ ነው።

ፈታሽ_ነኝ
ገምቼ ነበር። አልወቅስህም፤ ከአሥር አቅራቢ ስምንቱ እንደዚያ ነው ብል አላጋነንኩም፤ ግምቱ የራሴ ነው። ግን አስበው። ከአራታችሁ የአንዱ ላፕቶፕ ቢሰረቅ ሁለት ክሊኒክ፣ ሁለት ሆቴልና አንድ ወረዳ አብረው ተሰረቁ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሶላርዊንድስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የደረሰበትም በትልቁ ይኸው ነው። ሰርጎ ገቦቹ በየመሥሪያ ቤቱ በር አልቆሙም። አቅራቢው ዘንድ ገብተው የሚልከውን ማሻሻያ በከሉት፤ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ ደንበኞችም በገዛ እጃቸው አወረዱት። መንግሥት አቅራቢውን በመስፈርት የሚያስጨንቀው ለዚህ ነው። መስፈርቱ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል፤ ፍርሃቱ ግን ትክክል ነው።

የመዝገብ_ቤት_አዛውንት
ልጆቼ፣ እንደ ምን ዋላችሁ። እኔ ኮምፒውተሩን በስተርጅና የተማርኩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። ስለ «መዝገብ» የተናገረችው ልጄ ፈታሽ ልክ ናት፤ ነገር ግን መዝገቡ የሚጻፍበት ሰዓትም መስፈርት ይገባዋል።

በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ አንዲት ልጅ ፋይል ለውጣለች ተብላ ተከሰሰች። የኮምፒውተሩ መዝገብ 7:12 ይላል። ኮሚቴው ተሰብስቦ «7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ የምሳ ሰዓት ነው፤ ሠራተኛ ሁሉ በወጣበት ብቻዋን ምን ታደርግ ነበር?» አለ። ልጅቷ አለቀሰች። በዚያ ሰዓት ከእኔ ጋር ሽሮ እየበላች ነበር፤ ተናገርኩ፣ የሰማኝ የለም። በኋላ ሥርዓቱን የጫነው ልጅ ተጠርቶ መጣ። መዝገቡ የሚጽፈው በግሪንዊች ሰዓት ኖሯል። በዚያ ላይ ሦስት ሲጨመር በፈረንጅ አቆጣጠር 10:12፣ በእኛ ደግሞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ12። ልጅቷ በሥራ ሰዓት፣ በአለቃዋ ትእዛዝ ያረመችው ፋይል ነበር። ማስጠንቀቂያው ከማኅደሯ እስኪወጣ ሰባት ወር ፈጀ።

ሌላም አለ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በአንድ መዝገብ ውስጥ በአራት ዓይነት ፊደል ተጽፎ አግኝቼዋለሁ። ባለጉዳይዋ መጥታ ስሟን ስትነግረን ኮምፒውተሩ «የለችም» ይላል፤ እርሷ ግን ከፊታችን ቆማለች። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተወለደ ሕፃን ሲመጣ ደግሞ ሥርዓቱ ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ ናት ብሎ አልቀበልም አለን፤ መስከረም 1 ብለን መዘገብነው። ያ ልጅ አድጎ የልደት ቀኑን ሲጠይቅ ምን እንለዋለን? በቀድሞ ጊዜ ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፉ ደብዳቤዎቻችንም ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ የላቲን ትርምስ ናቸው። ይህ ሁሉ ከአሜሪካ ሰነድ ውስጥ አይገኝም። ራሳችን ካልጻፍነው ማን ይጽፈዋል?

አራዳ_ኮድ
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን። አንቱ ያሉትን በሙሉ ወደ ቴክኒክ ሰነዳችን እናስገባዋለን፤ የሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ የሰና ሠ፣ የጸና ፀ ፍለጋ አንድ ሆኖ እንዲቆጠር፣ ጽሑፉ በየትኛውም ኮምፒውተር በሚነበበው ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ፣ በዩኒኮድ፣ እንዲቀመጥ፣ ጳጉሜን ስድስት እንድትገባ። የሰዓቱን ነገር ግን በእውነት አስቤው አላውቅም ነበር።

መምህር_በድምፅ
ማራኪ 27 በሴክሽን 508 ስቀህ ከጨረስክ እኔም ልናገር።

ዓይነ ስውር ነኝ፤ ይህንንም የምጽፈው ማያ ገጹን በድምፅ በሚያነብልኝ ኤንቪዲኤ በተባለ ነፃ ፕሮግራም ነው። አማርኛውን እንደ ሮቦት ቢያነበውም ያነበዋል። ያ የሳቅህበት ሕግ የሚለው የመንግሥት ኮምፒውተር አገልግሎት እንደ እኔ ላለው ሰውም ይሥራ ነው። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በ2002 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 9 መረጃና ኮሙኒኬሽንን በስም ይጠራል። ስለዚህ ሰነዱን የገለበጠው ሰው ሳያውቀውም ቢሆን ደግ ሥራ ሠርቷል።

አሁን በየቢሮው ድረ ገጽ ላይ የሚገጥመኝ ይህ ነው። ማስታወቂያው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ይለጠፋል። ኤንቪዲኤ ሲያነብልኝ «ምስል» ይላል፤ አበቃ። ቅጽ ስሞላ «ማስተካከያ ሳጥን፣ ባዶ» ይለኛል፤ የስም ይሁን የስልክ ሳጥን አይናገርም፤ ስያሜውን ከሳጥኑ ጋር በኮድ ያሰረው የለምና። ከዚያ «የሚያዩትን ፊደላት ያስገቡ» ይመጣል። የሰባት ዓመት ልጄን ጠርቼ አስነብባታለሁ። የባንኬን የይለፍ ቃል ከእርሷ መደበቅ ያቃተኝም እንዲህ እያልኩ ነው። ደኅንነት ደኅንነት ስትሉ ይህንንም ቁጠሩት።

ማራኪ_27
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሳላጣራ ነው የቀለድኩት።

መምህር_በድምፅ
ይቅር ብያለሁ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ የቴክሳሱን ግብር ስሰማ እኔም ስቄያለሁ።

ዳላስ_አዘዞ
መምህር ትክክል ናቸው። እዚህ የሚመዘነው ደብሊውሲኤጂ በሚባለው የድረ ገጽ ተደራሽነት ደረጃ ነው፤ መካከለኛውን እርከን፣ ድርብ ኤ የሚባለውን፣ ያሟላ ይባላል። አራዳ ኮድ፣ ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግህም። አይጥህን ነቅለህ ሥርዓትህን በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመጠቀም ሞክር። የቆምክበት ቦታ ላይ መምህርም ይቆማሉ።

አራዳ_ኮድ
*(ከስምንት ቀን በኋላ)*
መልስ ይዤ መጥቻለሁ። ማብራሪያው ለሁሉም ተጫራቾች ተልኳል። 99.99 በመቶው «በመንግሥት የሥራ ሰዓት 99 በመቶ» ሆኗል። ለአይኤስኦው «ወይም ተመጣጣኝ የደኅንነት ፍተሻ ማስረጃ» የሚል ተጨምሯል። ኤፍአይፒኤሱ «ተቀባይነት ባለው ወቅታዊ የምስጠራ ዘዴ» ተብሏል። የሴክሽን 508 ስሙ ወጥቶ «ማየት ለተሳናቸው ተጠቃሚዎች አገልግሎት መስጠት የሚችል» ተብሎ በአማርኛ ተጻፈ፤ ይህን የጠየቅነው እኛ ነን። የ30 ቀኑ የይለፍ ቃል ብቻ ንቅንቅ አላለም። ይሁን፣ «ፋሲል1» ብለን እንጀምራለን።

ፈታሽ፣ አምስት ደንበኛ፣ አምስት ቁልፍ። እያንዳንዳችንም የየራሳችን መግቢያ አለን። ሦስት ሌሊት ፈጅቶብናል፤ አንዱ ሆቴል ሰርቨሩን የት እንዳስቀመጠው ራሱ ረስቶት ነበር። ቅጂውንም በየወሩ መጀመሪያ ላይ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰን እንከፍተዋለን።

ሰነዱን ትናንት ባሕር ዳር አስገብተናል። የኢንተርኔት ደኅንነት አሥራ አንድ ገጽ ለተጻፈበት ጨረታ መልሱ ኦርጅናልና ኮፒ፣ እያንዳንዱ ገጽ ማኅተም ተመትቶበት፣ በሰም በታሸገ ፖስታ ነው የገባው። ሰሙን ሳቀልጥ ጣቴን አቃጥያለሁ።

የግዥ_ሰው
ማኅተሙ ከአንድ ገጽ ላይ እንዳልቀረባችሁ ብቻ አረጋግጡ። በደኅንነት ሳይሆን በዚያ የወደቀ ስንት ሰው አውቃለሁ።

አራዳ_ኮድ
ሁለት ጊዜ ቆጥረናል። መምህር በድምፅ፣ አንድ ልመና አለኝ። ሙከራ ሥርዓቱን በኤንቪዲኤ እኛው ሞክረነዋል፤ ግን ዓይናችንን ጨፍነን ነው የሞከርነው፤ የእርስዎን ያህል አይሆንም። ጎንደር ካሉ፣ ለድካምዎ ከፍለን፣ ቢሮ መጥተው ቢሞክሩልን።

መምህር_በድምፅ
ጎንደር ነኝ። ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይመቸኛል፤ በእኛ ሰዓት፣ በግሪንዊች አይደለም። ቢሮአችሁ ስንተኛ ፎቅ ነው? አሳንሰርስ አለው?

አራዳ_ኮድ
ሦስተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰር የለውም፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሁለት ደረጃዎች ተሰብረዋል። እኛ ላፕቶፑን ይዘን ታች ያለው ቡና ቤት እንጠብቅዎታለን።